ከሻንጣው ሥር ያሉት ስሞች፡ ዘርን ማወቅ ለኩራት ወይስ ለዝምድና?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሐቦቻቸውና የእነርሱን ፈለግ በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



በብዙዎቻችን ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር፣ ማንም የማይነካው አንድ አሮጌ ሻንጣ ወይም የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ውስጡ የታጠፈ የኒካሕ ወረቀት፣ ጊዜው ያለፈበት የስደተኛ መታወቂያ፣ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ያረፈበት ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ዶቃው የጎደለ ሙሰበሓ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ቁርኣን ይገኛል። እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆች «ከየት ናችሁ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ የአገሩን ስም ትናገራላችሁ። ከዚያ በኋላ «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» የሚል ሰው ቢመጣ ግን ብዙዎቻችሁ ከአያት አታልፉም። ይህንን ለማወቅ መፈለጋችሁ መልካም ነገር ነው። በዲናችን ዐይን ሲታይም ጉዳዩ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይበልጣል። በዚያ ሻንጣ ውስጥ ዝምድና አለ፤ አማና አለ፤ አንዳንዴም ያልተከፈለ የሰው ሐቅ አለ።

ዘርን የምናውቀው ለምንድን ነው?

ቲርሚዚ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናችንን የምንቀጥልበትን ያህል የዘር ሐረጋችንን እንድንማር አዘውናል። ዝምድናን መቀጠል በቤተሰብ መካከል ፍቅርን፣ በሀብት ላይ በረከትን፣ በዕድሜም ላይ ጭማሪን እንደሚያመጣም ነግረውናል። ልብ በሉ፤ ትእዛዙ ከነምክንያቱ ነው የመጣው። የምንማረው ለመቀጠል ነው። አላህም በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 13 ላይ ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግሮን፣ ወዲያው አስከትሎ እርሱ ዘንድ በላጩ ይበልጥ ፈሪሃ አላህ ያለው መሆኑን አሳውቆናል።

ሰሐቦች ይህን ዕውቀት አልናቁትም። አቡ በክር (ረ.ዐ) የቁረይሽን የዘር ሐረግ ጠንቅቆ በማወቅ የታወቀ ስለነበር፣ ገጣሚው ሐሳን ኢብኑ ሣቢት ስለ ቁረይሽ ዘር እንዲጠይቀው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እርሱ ልከውታል። ዑመርም (ረ.ዐ) በኸሊፋነቱ ዘመን የሙስሊሞችን ስም በመዝገብ ሲያስጽፍ የዘር አዋቂዎችን ሰብስቦ ነበር ያሠራው።

ነገር ግን ይኸው ዕውቀት መርዝም ሊሆን ይችላል። ሱረቱ ተካሡር የሚወቅሰው በብዛት መፎካከር ሰዎችን መቃብር እስኪገቡ ድረስ ማዘናጋቱን ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ሥራው ወደ ኋላ ያስቀረውን ሰው ዘሩ ወደ ፊት እንደማያስቀድመው ተነግሮናል። ስለዚህ ራሳችንን የምንመዝንበት ቀላል ሚዛን ይኸውላችሁ፦ ፍለጋውን ከጨረሳችሁ በኋላ ስልካችሁ ላይ የምትደውሉለት አዲስ የዘመድ ቁጥር ገብቷል? ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ ግን ደሴ ወይም ጂማ ላለችው አክስቱ ለዓመታት ያልደወለ ሰው ከዚህ ሐዲስ የወሰደው ግማሹን ብቻ ነው።

አንድ የአንገት ሐብል

በበድር ዘመቻ ከተማረኩት ቁረይሾች መካከል የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ የዘይነብ ባል አቡል ዓስ ይገኝ ነበር። ያኔ ገና አልሰለመም። የመካ ሰዎች ለምርኮኞቻቸው ቤዛ ሲልኩ ዘይነብም ለባሏ ላከች። ከላከችው ውስጥ አንድ የአንገት ሐብል ነበር። ሐብሉ የእናቷ የኸዲጃ (ረ.ዐ) ነበር፤ ዘይነብ ስትዳር እናቷ የሰጠቻት ስጦታ ነው። ኸዲጃ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳወራችውና አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሐብሉን ሲያዩ ልባቸው እጅግ ራራ። ከዚያም ፈቃዳቸው ከሆነ ምርኮኛውን እንዲለቁላትና ንብረቷንም እንዲመልሱላት ሰሐቦችን ጠየቁ። እነርሱም እሺ አሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የሞተ ሰው ዕቃ አይቶ ማልቀስ፣ መራራት፣ መናፈቅ የኢማን ድክመት አይደለም። የሰው ልጅ በላጩ ራሳቸው በአንድ ሐብል ልባቸው ተነክቷል። ሁለተኛው፣ ስሜታቸው ሐቅን አላስረሳቸውም። ምርኮኛውና ቤዛው የጋራ ጉዳይ ስለነበር አስፈቀዱ እንጂ በራሳቸው አልወሰኑም፤ ሐብሉም ተመልሶ ለባለቤቷ ሄደ። ከቤታችሁ ሻንጣ የአያታችሁን ቀለበት ወይም ጀበና ስታወጡ በመጀመሪያ «የማን ነበር? ለማን ተሰጠ? ታሪኩን የሚያውቀው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃው ሃምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ግን እየሄዱ ነው።

ወረቀቱን ማንበብ

የቤተሰባችንን ወረቀት ለማንበብ ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ስም፦ በአገራችን ልማድ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። በውጭ አገር ወረቀት ላይ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የአያት ስም ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ቢኖራቸው አትደናገጡ። ሙሐመድ የሚለው አንድ ስም በአማርኛ ወረቀት ላይ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሀመድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ መልኩ ይበዛል። ስትፈልጉ ሁሉንም ሞክሩ።

ዘመን፦ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ደግሞ 8 ዓመት ከአውሮፓው ይዘገያል። በቁርኣን ወይም በኪታብ ሽፋን ላይ የተጻፈ ልደት ግን ብዙ ጊዜ በሒጅራ ነው። ለምሳሌ «ረመዷን 1369» የሚል ብታገኙ፣ ሰኔና ሐምሌ 1942 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በአውሮፓው ደግሞ 1950። በስደት የመጡ ብዙ እናትና አባቶች ልደታቸው «ጃንዋሪ 1» ተብሎ የተመዘገበው፣ ትክክለኛውን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበራቸው ነው። እውነተኛውን ወቅት ለማግኘት «በረመዷን ነበር? ዝናብ ነበር? አዝመራ ደርሶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሒጅራ አቆጣጠርም የተጀመረው ከእንዲህ ዓይነት ችግር ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ዘንድ «ሸዕባን» ብቻ የሚል የክፍያ ወረቀት ሲቀርብ የትኛው ዓመት ሸዕባን እንደሆነ አልታወቀም፤ ከዚህ በኋላ ሰሐቦችን አማክሮ ዘመኑ ከሒጅራ እንዲቆጠር እንዳደረገ ይወሳል።

መዝገብ፦ በኢትዮጵያ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በአንድ ሥርዓት መመዝገብ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ አያት የልደት ምስክር ወረቀት ባትፈልጉ ይሻላል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. የቃዲዎች ፍርድ ቤት በአዋጅ ቆሞ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተጠናክረው፣ የኒካሕ፣ የፍቺ፣ የውርስና የወቅፍ ጉዳዮችን ሲያዩ ቆይተዋል። በአንድ የወራሽነት ውሳኔ ላይ የሟች ልጆች ሁሉ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በስም ተዘርዝረው ልታገኙ ትችላላችሁ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር፣ ከዐረብ አገር የተላከ የደብዳቤ ፖስታ፣ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት፣ ሁሉም ምስክር ነው። ፎቶን ፊቱንም ጀርባውንም አንሱ፤ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። በፕላስተር አትለጥፉት፤ በላስቲክም አታሽጉት።

ፊደል፦ በወሎ የነበሩ መሻይኾች አማርኛን በአረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ይህ ዓጀሚ ይባላል። በሐረርም በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች መጨረሻ ላይ የገልባጩ ስምና ዓመተ ሒጅራው፣ አንዳንዴም የወቅፉ ቃል ይገኛል። ዓጀሚ ለእናንተ ልዩ በር ነው። በቅዳሜና እሑድ መድረሳ ቁርኣን ተምራችሁ የአረብኛውን ፊደል ታነባላችሁ፤ አማርኛው ግን ሊከብዳችሁ ይችላል። እናታችሁ ደግሞ አማርኛውን ታውቃለች፤ ፊደሉን ላታነብ ትችላለች። እናንተ ድምፁን አውጡት፤ እርሷ ትርጉሙን ትንገራችሁ። የአያታችሁን ማስታወሻ ሁለታችሁ ሆናችሁ እንጂ አንዳችሁ ብቻችሁን አታነቡትም።

ወረቀትና እውነት ሲለያዩ

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ በሱዳን፣ በጂቡቲ፣ በኬንያና በየመን በኩል የተሰደዱ ናቸው። በፍርሃትና በጭንቅ ውስጥ አንዱ ዕድሜውን ቀንሷል፣ ሌላው ስሙን ለውጧል። አባቱ የሞተበት ልጅ በአጎቱ ስም ተመዝግቧል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ስትሄድ በሌላ ሰው ስም ፓስፖርት የወጣላት እህትም አለች። በዚያ ሰዓት የነበሩበትን ሁኔታ ሳናውቅ፣ በሰላም አገር ሞቅ ባለ ክፍል ተቀምጠን ልንፈርድባቸው አይገባም።

ነገር ግን እውነቱ ቤት ውስጥ ሊሞት አይገባም። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣን አስታውሱ። በልጅነቱ ተማርኮ ተሽጦ፣ በኸዲጃ በኩል ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። አባቱ ሊቤዠው ሲመጣ ዘይድ ከነቢዩ ጋር መቅረትን መረጠ፤ እርሳቸውም ልጄ ነው ብለው አወጁ። ሰዎች «ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ» ይሉት ነበር። ከዚያ የሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ 5 ወረደ፤ ልጆች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ፣ አባቶቻቸው ካልታወቁ ደግሞ የእምነት ወንድሞች እንደሆኑ፣ በስሕተት በተደረገውም ኃጢአት እንደሌለ አላህ አስተማረ። ዘይድም ተመልሶ «ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ» ሆነ። ታዲያ ፍቅሩ ቀነሰ? በሙእታ ዘመቻ ጦሩን እንዲመራ የተሾመው እርሱ ነው፤ እዚያም ሸሂድ ሆነ። ከሰሐቦች ሁሉ ስሙ በቁርኣን የተጠቀሰውም እርሱ ብቻ ነው። የትውልድ ስሙን መመለሱ ምንም አላጎደለበትም።

ስለዚህ በአጎቱ ስም ያደገ ልጅ ካለ፣ አሳዳጊው አባትነቱን ያጣ አይምሰለው፤ ልጁም የሞተውን አባቱን ስም የማወቅ ሐቅ አለው። ጉዳዩ ከስም በላይ ነው። ማን ለማን መሕረም እንደሆነ፣ ማን ማንን ማግባት እንደሚችል፣ ማን ማንን እንደሚወርስ የሚታወቀው በዚህ ነው። ይህን ስታገኙ በማኅበራዊ ገጽ ላይ አትለጥፉት። የዘረመል ምርመራ ውጤት ይዛችሁም በቤተሰብ ስብሰባ መካከል አትጩኹ፤ የሰው ክብር የተጠበቀ ነው። ከወላጆቻችሁ ጋር ለብቻ ተነጋገሩ፤ የዲኑን ጉዳይ ዐሊም፣ የወረቀቱን ጉዳይ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

የሰው ሐቅ ሲገኝ

በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ብድር መጻፍ ናት። ትንሽም ሆነ ትልቅ ብድርን ከመጻፍ እንዳንሰላች ታስተምረናለች። አባቶቻችን በደብተር ጥግ ላይ «ከእገሌ ይህን ያህል ብር» ብለው የጻፉት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታገኙ የታሪክ ቅርስ ነው ብላችሁ አትለፉት። የሙእሚን ነፍስ ዕዳዋ እስኪከፈል ድረስ በዕዳዋ የተያዘች እንደሆነች ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ ይነግረናል። ባለ ገንዘቡ ቢሞት ልጆቹ አሉ። ለአያታችሁ ልታደርጉ ከምትችሉት ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

ውርስም እንዲሁ ነው። ሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 7 ወላጆችና ቅርብ ዘመዶች ከተዉት፣ ጥቂትም ሆነ ብዙ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። በብዙ ቦታ ግን ልማዱ ዲኑን አሸንፎ እህት ከመሬቱም ከቤቱም ሳታገኝ ቀርታለች። በወራሽነት ወረቀቱ ላይ ስሟ አለ፤ በእጇ ግን ምንም የለም። ያቺ ሴት የአባታችሁ እህት ልትሆን ትችላለች። በዚህ ጊዜ ጥያቄው በአክብሮት፣ ግን ሳይሸፋፈን መቅረብ አለበት፦ «አባዬ፣ የአክስቴ ድርሻ የት ደረሰ?» ይህ ጥያቄ አባትን መድፈር አይደለም። በቂያማ ቀን ከሚጠየቅ ዛሬ በልጁ ቢጠየቅ ይቀልለዋል።

የማንወደው ነገር ሲገኝ

አንዳንዱ ሲፈልግ ቅድመ አያቱ ባሪያ ተብለው እንደተሸጡ፣ ወይም ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ተብለው እንደተናቁ ያገኛል። እስከ ዛሬ ድረስ በስደት አገር እንኳ «ዘሩ ምንድን ነው?» ተብሎ ኒካሕ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። ሶላቱና አኽላቁ የተመሰከረለት ወጣት በአያቱ ሙያ ይመለሳል። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሲያነውር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና የጃሂሊያ ባሕርይ እንዳለበት ነግረውታል፤ ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል። ለአቡ ዘር ይህ ከተባለ ለእኛ ምን ይባላል? በላብ ሠርቶ የበላ አያት ያሳፍራል ወይስ ያኮራል?

ሌላው ደግሞ የእናቱ ወገን ክርስቲያን እንደሆኑ ያገኛል። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም እምነት መኖሩ የተለመደ ነው። የአቡ በክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ያልሰለመች እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ዝምድናዋን ልቀጥል ወይ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። እንድትቀጥል ነገሯት፤ ይህም በቡኻሪና ሙስሊም የተዘገበ ነው። የዝምድና ሐቅ በእምነት መለያየት አይሰረዝም።

የሟቾችን ነውር ግን አትቆፍሩ። ሟቾች ወደ አስቀደሙት ሥራ ስለደረሱ እንዳይሰደቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። ለእነርሱ የሠሩት፣ ለእኛም የሠራነው እንዳለን አል-በቀራህ አንቀጽ 134 ያስታውሰናል። በእነርሱ መልካም ሥራ አንድንም፤ በእነርሱ ጥፋትም አንጠየቅም።

መንገዱ ሲቋረጥ

ብዙዎቻችሁ ፍለጋው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ስም ላይ ይቆምባችኋል። መዝገብ የለም፣ የሚያውቁት ሞተዋል፣ መንደሩ ስሙን ለውጧል። ፊርዓውን ሙሳን (ዐ.ሰ) ስላለፉት ትውልዶች ሁኔታ ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ በሱረቱ ጣሃ 52 ላይ ይገኛል፦ ዕውቀቱ ጌታቸው ዘንድ በመጽሐፍ ውስጥ እንዳለ፣ ጌታቸውም እንደማይሳሳትና እንደማይረሳ ነገሩት። የቅድመ አያታችሁ እናት ስም በየትኛውም ቀበሌ አልተጻፈም ይሆናል። ስትራብ የሰገደችው፣ ለጎረቤት ያካፈለችው ግን ተጽፏል። ስሟን ባታውቁም በዱዓችሁ ልትጠሯት ትችላላችሁ።

ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ

በዕድሜ ትልቅ ለሆነው ዘመዳችሁ ደውሉ። መጀመሪያ ሰላምታና ጤና ጠይቁ፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። መናገር የማይፈልጉት ነገር ካለ ዝም በሉ፤ እስር ቤትና በረሃ ያሳለፈ ሰው ሁሉን አያወራም። የሰማችሁትን ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደሆነ ጻፉ፤ ሐዲሶቻችን የደረሱን «ከእገሌ ሰማሁ» በሚል ሰንሰለት ነው።

በፎቶው ላይ ከአያታችሁ ጎን የቆመውን ሰውም ጠይቁ። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር ወደ መካ መንገድ ላይ አንድ የገጠር ሰው አግኝቶ አህያውንና ጥምጣሙን አውልቆ ሰጠው። ሰዎች ሲገረሙ፣ የዚያ ሰው አባት የዑመር ወዳጅ እንደነበረ ተናገረ። ለአባት ከሚደረግ መልካም ሥራ ሁሉ በላጩ አባት ይወዳቸው የነበሩትን ሰዎች መቀጠል እንደሆነ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማቱንም ነገራቸው። ሙስሊም ዘግበውታል። በመጨረሻም የሰበሰባችሁትን ስም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከሶላት በኋላ ዱዓ አድርጉላቸው፤ በስማቸውም ትንሽ ሶደቃ ስጡ። ሰው ሲሞት ሥራው ሲቋረጥ ከማይቋረጡት ሦስቱ አንዱ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ነውና።

አላህ ሆይ! ያለፉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ማራቸው፤ የምናውቃቸውንም የማናውቃቸውንም። የተቋረጠውን ዝምድናችንን ቀጥልልን። ያለብንን የሰው ሐቅ ለመመለስ አግራልን። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ልጆቻችን ስማችንን ሲያነሱ «አላህ ይዘንላቸው» የሚሉ አድርጋቸው። ኣሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።